ፈቀደ ተሰማ እምቢአለ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የአቶ ፈቀደን ስም ያወጣው መልአክ ግን ወይ ቀልደኛ ነበር፣ ወይ ቤት ተሳስቷል። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አቶ ፈቀደ ለማንም ምንም ፈቅደው አያውቁም። ቤት ውስጥ የሚፈቅዱት ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺሐረግ ናቸው። ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠሩ የሚፈቅደው ሥራ አስኪያጁ ነበር፤ እሳቸው የሚያወጡት "ይውጣ" የተባለውን ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥ እንኳ መስኮት ለመክፈት ከጎናቸው ያለውን፣ ከኋላቸው ያለውን፣ አንዳንዴም ረዳቱን ያስፈቅዳሉ። አስፈቅደው ሳይጨርሱ መውረጃቸው ይደርሳል።

ሙሉ ስማቸው ፈቀደ ተሰማ እምቢአለ ነው። አያትየው ስማቸውን ይዘው የወጡት ከማኅፀን ነው። እናታቸው ሦስት ቀን ሲያምጡ አዋላጇ "ይሄ ልጅ አልወጣም፣ እምቢ አለ" ብላ ለጎረቤት አወራች፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ። ተወልደውም ጠባያቸውን አልለወጡም፤ ዝናብ መጣ ግቡ ሲባሉ ደጅ ቆመው የሚቀሩ ሰው ነበሩ አሉ። ያ የእምቢታ ደም በአባትየው በአቶ ተሰማ በኩል ሲያልፍ ቀጥኖ፣ አቶ ፈቀደ ጋ ሲደርስ ጨርሶ ውኃ ሆኖ ነበር።

ፋብሪካው ሲዘጋ በሰው በሰው ብለው የአቃቂ ሸለቆ ፕሮፌሽናል ሊግ መዝገብ ቤት ገቡ። ሊጉ ቃሊቲ፣ ከባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ አለፍ ብሎ፣ ከአንድ መጋዘን በላይ ሦስት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ነው። ሥሩ አሥራ አንድ ክለቦች አሉ፤ ሁሉም የፋብሪካ ልጆች ናቸው። የወረቀት ስማቸው አንድ መስመር ተኩል ስለሚፈጅ ሕዝቡ በሚያመርቱት ይጠራቸዋል፦ ሳሙና፣ ቆርቆሮ፣ መኖ፣ ምስማር፣ ክር፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ "ምስማር ቆርቆሮን ሁለት ጊዜ በሳው" ሲባል የሰማ እንግዳ ሰው ስለ ጣራ የሚወራ ይመስለዋል።

የአቶ ፈቀደ ሥራ ቀላል ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ቁጥር ይሰጡታል፣ መዝገብ ላይ ያሰፍሩታል፣ ቅጂውን ለአምጪው መልሰው ዋናውን ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ያስገባሉ። ደብዳቤውን ግን አያነቡም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ሺህ ደብዳቤ መዝግበው አንዱንም አላነበቡም። ሲጠየቁ የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር ነው ይላሉ፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፋብሪካ እያሉ አንድ ቀን የሠራተኛ ቅነሳ ዝርዝር በእጃቸው አልፎ ነበር። አነበቡት። የሃያ ዓመት የምሳ ጓደኛቸው ስም ሦስተኛው ተራ ላይ ተቀምጧል። ለሰውየው እስኪነገረው ድረስ አንድ ሳምንት ሙሉ አብረውት ሲበሉ ጉርሻው ጉሮሯቸው ላይ እየቆመ አስቸገራቸው። ከዚያ ወዲህ ዓይናቸው ከደብዳቤ ላይ የሚለቅመው ቀኑን፣ ቁጥሩንና የገጹን ብዛት ነው፤ ሌላው አይመለከታቸውም።

ኅዳር ላይ ሽማግሌዎች ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለኩ ወጥተው አንድ ልጃቸውን እድላዊትን ለለሜሳ ጠየቁ። ለሜሳ የመኖ ግራ ተከላካይ ነው፤ ሜዳ ላይ ሲጋፋ የሚያስፈራ፣ ሰው ቤት ሲቀመጥ ግን እጁን የት እንደሚያኖር የሚጨነቅ ልጅ። ወይዘሮ የሺሐረግ ፈቀዱ። ቀን መቁረጥ ላይ ሲደረስ ግን፣ መቼም ሙሽራው ኳስ ተጫዋች ነው፣ የጨዋታ መርሐ ግብሩም ያለው አቶ ፈቀደ ቢሮ ነው፣ ስለዚህ "ቀኑን አንተ ምረጥ" አሏቸው። አቶ ፈቀደ መርሐ ግብሩን ከግድግዳ ነቅለው ቤት ወሰዱት፤ እራት በልተው፣ መነጽራቸውን ወልውለው፣ በጣታቸው እየተከተሉ አዩት። ክለቦቹ አሥራ አንድ ስለሆኑ በየሳምንቱ አንዱ ያርፋል፤ ጥር 17 እሁድ የመኖ ዕረፍት ነው። "ጥር 17" አሉ። በሕይወታቸው የመረጡት የመጀመሪያው ቀን ይሄ ነው። ካርድ ታተመ፣ ድንኳን ተያዘ፣ ጌሾ ተወቀጠ። አቶ ፈቀደም ለጥቂት ሳምንታት ደረታቸውን ትንሽ ነፋ አድርገው ሄዱ።

ነገር የተበላሸው በማኅተም ነው። መዝገብ ቤቱ "ገቢ ሆኗል፣ የተቀባይ ስም" የሚል ጎማ ማኅተም ነበረው፤ ጎማው ተላጠና እንጨቱ ብቻ ቀረ። ሥር ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሀይረዲን "ጋሽ ፈቀደ፣ ለነገ አስቀርጬ አመጣልዎታለሁ" አለ። ግን ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ ይፈልጋል። አንዱን ሀይረዲን ሰጠ። ሁለቱን ፍለጋ አቶ ፈቀደ ሳሪስ አቦ ድረስ ሄደው፣ ማኅተም የማይቀርጽ ሱቅ የማኅተም ፕሮፎርማ እንደማይሰጥ ተረድተው ተመለሱ። እስኪገኝ ድረስ ማኅተሙ ያርፍበት የነበረው ባዶ ቦታ ላይ፣ ማለትም የደብዳቤው ኅዳግ ላይ፣ የተቀባዩን ስም በእጃቸው ይጽፉ ጀመር። ፈቀደ። ሥሩ ቀኑ፣ ከቀኑ ሥር ፊርማው።

የቢሮ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የደብዳቤ ኅዳግ የአለቃ ርስት ነው። "ይፈጸም" የሚባለው እዚያ ነው፤ "አይቻልም" የሚባለውም እዚያው ነው።

የመጀመሪያዋ ባለ ዕድል የሳሙና ቡድን መሪ ናዕማ ናት። የዝውውር መስኮት ከተዘጋ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ወንድዬ የሚባል አጥቂ ለማስመዝገብ ማመልከቻ ይዛ መጣች። እንደማይሆን ታውቃለች፤ "አመልክተናል" ለማለት ያህል ነው። ቅጂዋን ተቀብላ ደረጃው ላይ ስትደርስ ኅዳጉን አየችው። ፈቀደ ይላል። በሊጉ ውስጥ አቶ ፈቀደን የሚጠራቸው ሁሉ "ጋሼ" እያለ ስለሆነ ስማቸውን አታውቅም። ማን እንደፈቀደ አልተጻፈም፣ መፈቀዱ ግን ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ናዕማ ያደገችው ሱቅ ውስጥ ነው፤ የተሰጣትን "እርግጠኛ ናችሁ ወይ" ብላ መልሳ የምትጠይቅ ሞኝ አይደለችም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችና ወረደች።

በሳምንቱ ቆርቆሮም ያንኑ ወንድዬን ለማስመዝገብ አመለከተ። ፈቀደ። ወንድዬ ሁለት ማሊያ ያለው ሰው ሆነ። ሳሙናና ቆርቆሮ የተገናኙ ዕለት ሁለቱም ወረቀት አወጡ፤ ዳኛው ሁለቱንም አገላብጦ አየና ምን ያድርግ፣ የመጀመሪያውን አጋማሽ ለሳሙና፣ ሁለተኛውን ለቆርቆሮ እንዲጫወት ወሰነ። ወንድዬ በሁለቱም አጋማሽ አንድ አንድ አገባ፣ በሁለቱም ደጋፊ ፊት ተንበርክኮ ጨፈረ። ከጨዋታው በኋላ ሲጠየቅ "ውጤቱ ለሁለታችንም ይገባናል" አለ።

ወሬው እንደ ቋያ እሳት ተዛመተ። ቃሊቲ ላይ የማይከለከል ቢሮ አለ ተባለ። ምስማር የሥራ አስኪያጁን የሚስት ወንድም በረኛ አድርጎ አስፈረመ፤ ሰውየው አርባ አራት ዓመቱ ነው፣ የወገብ ሕመም አለበት፣ እሱም ተፈቀደለት። ክር ከሜዳው ውጭ ላለመጫወት አመለከተ፤ ተፈቀደ። ሌሎቹም ክር ምን ስለሆነ ነው ብለው ተመሳሳይ ደብዳቤ አስገቡ፤ ተፈቀደ። ሊጉ ያለው ሜዳ አቃቂ ወንዝ ዳር ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ በአንድ እሁድ ስድስት ባለሜዳ ቡድን ተሰልፎ እንግዳ የሆነ ጠፋ። መርሐ ግብሩ ላይ የሚለጠፈው ማስተካከያ በዝቶ መርሐ ግብሩ ራሱ ከሥር ጠፍቶ ቀረ።

የሚገርመው ማንም አለማጉረምረሙ ነው። ሁሉም የጠየቀውን አግኝቷል፤ ማን በምን ይከሰሳል? የሊጉ ፕሬዚዳንት አቶ ተስፋሚካኤል ስብሰባ ላይ ናቸው። ምን ጊዜም ስብሰባ ላይ ናቸው። በሁለት ስብሰባ መካከል ሲያልፉ "ዘንድሮ ሊጋችን ሰላም ነው" ብለው ለአንድ ሬዲዮ ተናገሩ፣ ዋናዎቹ ደብዳቤዎች ጠረጴዛቸው ላይ ሳይከፈቱ እየተቆለሉ።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አቶ ፈቀደ መዝገብ ለማስጠረዝ ሀይረዲን ጋ ወረዱ። ሀይረዲን ማሽኑን አቁሞ አያቸው።

"ጋሽ ፈቀደ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ቀኑን ሙሉ የእርስዎን ኅዳግ ነው ኮፒ የማደርገው። ክለቦቹ ላሚኔት እያስደረጉት ነው።"

"የምን ኅዳግ?"

"ፈቀደ የሚለውን። እርስዎ እኮ ይሄን ሊግ እየመሩት ነው።"

አቶ ፈቀደ መጀመሪያ ሳቁ። ሀይረዲን አንዱን ወረቀት አምጥቶ ሰጣቸው፤ መነጽር ስላልያዙ እሱ አነበበላቸው። ሳሙና ከመኖ ጋር ያለበት የጥር 3 ጨዋታ እንዲተላለፍ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም አጥቂው ወንድዬ በዚያ ቀን ለቆርቆሮ ይሰለፋል። የሚተላለፍበት ቀን፣ ጥር 17። ኅዳጉ ላይ፣ በገዛ እጃቸው ጽሑፍ፣ በዚያች የ"ቀ" እግሯ ረዘም በምትልበት ጽሑፍ፣ ፈቀደ ይላል።

ሀይረዲን የወረቀት ካርቶን ገፋላቸውና ተቀመጡበት።

የሊጉን ደንብ አቶ ፈቀደም ያውቁታል፤ በጨዋታ ቀን የቀረ ተጫዋች አንድ ዓመት ይታገዳል፣ ውሉም ይፈርሳል፤ "ሊጉ በጽሑፍ ከፈቀደ በቀር" ይላል ደንቡ። ለሜሳ የፈረመው ውል ሁለት ወሩ ነው፤ የሚከራዩት ቤት፣ የሚገባው ኑሮ ሁሉ እሱ ላይ ተሰቅሏል። ሠርጉን ማዛወር ደግሞ አይሞከርም። ባለ ድንኳኑ እስከ ሁዳዴ ድረስ አንድ እሁድ እንደሌለው ምሎ ተናግሯል፣ ሁዳዴ ከገባ ደግሞ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም፣ ካርዱም ዘመድ እጅ ገብቷል።

ያን ቀን ከሰዓት ቤት ገብተው ሁሉንም ተናገሩ። ወይዘሮ የሺሐረግ የሚያበጥሩትን ጤፍ አቆሙ።

"በሠላሳ ዓመት ትዳር አንድ ቀን ምረጥ አልኩህ" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያ ደግሞ ከጩኸታቸው ይከፋል። "አንድ ቀን። እሱንም መርጠህ ስታበቃ በእጅህ ፈርመህ ለሳሙና ሰጠኸው።"

እድላዊት ግን "ተዪው እማዬ፣ አባዬ አላነበበውም እኮ" አለች። ልታጽናናቸው ነው ያለችው። አቶ ፈቀደን ያቃጠላቸውም እሱ ነው። አላነበበውም። የሰው ጭንቀት ላለመሸከም ብለው የጀመሩት ነገር ዞሮ የልጃቸውን ሠርግ በላ።

ሰኞ ጠዋት ራሳቸው አቶ ተስፋሚካኤል ቢሮ ሄደው አመኑ። እውነቱ ከታወቀ ጨዋታዎቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ ብለው ነው። ፕሬዚዳንቱ የሕግ አማካሪውን አስጠርተው የተቆለለውን ደብዳቤ ከፈቱ። አንዱን አዩ፣ ሁለቱን አዩ፣ ፊታቸው ቀላ።

"ማን ፈቀደ?" አሉ።

"አቤት" አሉ አቶ ፈቀደ።

"ማን ፈቀደ ነው የምለው።"

"ፈቀደ ተሰማ።"

"የተሰማውን አልጠየቅሁም። ይሄን ሁሉ ማን እንደፈቀደ ነው የጠየቅሁት።"

"እኔ ነኝ።"

"እርስዎ ፈቀዱ?"

"ኧረ አልፈቀድኩም። ፈቀደ ነኝ እንጂ አልፈቀድኩም።"

የሕግ አማካሪው ነገሩን ለመያዝ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ከያዘው በኋላ ግን ሁለቱም የተጨነቁት በሌላ ነገር ነው። ፈቃዶቹ ቢሰረዙ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ሊጉን ማን ይመራ ነበር ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ የተፈቀደው ተፈቅዷል፣ ወደ ፊት ግን አይደገምም ተባለ። አቶ ፈቀደ ፈራ ተባ እያሉ "ደርሶናል ብዬ ብጽፍስ?" አሉ። አማካሪው ራሱን ነቀነቀ፤ ደርሶናል ከተባለ መልስ መስጠት ግዴታ ይሆናል። "ስምዎን አይጻፉ፣ የአባትዎን ስም ይጻፉ" አለ።

ከማግሥቱ ጀምሮ በየደብዳቤው ኅዳግ ላይ "ተሰማ" የሚል መውጣት ጀመረ። ይሄኛው ባሰ። ጥያቄው መሰማቱን ሁሉም አየ፤ መልሱ ምን እንደሆነ ግን ማንም አላወቀም። ጥር 3 ቀን ክር ግማሽ ቡድን ይዞ መጣ፤ ከተፈቀደ እንዲጫወቱ፣ ካልተፈቀደም እንዳይደክሙ። ምስማር ደግሞ ተሰማ ማለት ስሞታችን ከላይ ደርሷል ማለት ነው ብሎ በሬ አርዶ በላ። ሰኞ ጠዋት አቶ ተስፋሚካኤል ሰርኩላር አወጡ፦ ከዛሬ ጀምሮ በማንኛውም ገቢ ደብዳቤ ላይ ከመዝጋቢው የአያት ስም በቀር ሌላ ምንም ዓይነት ቃል እንዳይጻፍ በጥብቅ እናሳስባለን። ፈረሙበት፣ ከአቶ ፈቀደ ራስ በላይ ግድግዳው ላይ አስለጠፉትና ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ቢሾፍቱ ሄዱ። የመዝጋቢው አያት ማን እንደሚባሉ የጠየቀ የለም። አቶ ፈቀደም ካልተጠየቁ አይናገሩም።

እምቢአለ። ሊጉ በአንድ ሳምንት ቀጥ አለ። ተጫዋች ላስፈርም ያለ፣ እምቢአለ። ተጫዋች ላሰናብት ያለም እንዲሁ። ወንድዬ ሰልችቷቸው ሳሙናም ቆርቆሮም በአንድ ቀን መልቀቂያ ጻፉለት፤ ሁለቱም እምቢ ተባሉና የሁለቱም ሆኖ ቀረ። ዳኞች "እንደተለመደው እሁድ እንገኛለን" ብለው ላኩ፤ እምቢአለ። ሐኪሙ፣ አምቡላንሱ፣ ሜዳውን የሚያጭደው ሰው ሳይቀር። ጥር 17 ላይ የተቆለሉት ጨዋታዎች በወረቀት አሉ፣ የሚያጫውታቸው ግን ጠፋ። ቢሆንም ደንቡ ደንብ ነው፤ ተጫዋች የቀረ እንደሆነ ይታገዳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ጥር 13፣ ረቡዕ፣ ለሜሳ ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልሎ መጣ። ቆሞ ቀረ።

"ተቀመጥ እንጂ" አሉት አቶ ፈቀደ።

"አልቀመጥም ጋሼ፣ ይቅርታ። ሌላ ቢሮ ካለ ልውሰደው ብዬ ነበር።"

"ሌላ ቢሮ የለም።"

ለሜሳ እጁን ኪሱ ከተተ፣ መልሶ አወጣው። "እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንዎት። እምቢአለ የሚለውን አይጻፉብኝ። ባይሆንም ይሁን፣ እንዲሁ ባዶውን ይመልሱልኝ። ቅድመ አያቷ እምቢ ያሉበትን ወረቀት ይዤ ሙሽራ ልወስድ አልሄድም።"

አቶ ፈቀደ ደብዳቤውን ከላስቲኩ አወጡ። ቀኑን አዩ። የገጹን ብዛት አዩ፤ አንድ። ቁጥር ሊሰጡ እስክሪብቷቸውን አነሡ፣ ደግሞ አስቀመጡት። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ የሰው ደብዳቤ አነበቡ።

"እኔ ለሜሳ፣ የመኖ ክለብ ግራ ተከላካይ" ይላል፣ "በመጪው እሁድ ጥር 17 ከወይዘሪት እድላዊት ፈቀደ ጋር ጋብቻዬን ስለምፈጽም የአንድ ቀን ፈቃድ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።"

እድላዊት ፈቀደ። ደብዳቤው ላይ የሰፈረው ስማቸው፣ ኅዳጉ ላይ ሳይሆን መሐሉ ላይ፣ ከልጃቸው ስም ተጣብቆ። ሁለቴ አነበቡት። ሦስተኛ ጊዜ ሊያነቡ ሲሉ መነጽሩ ጉም ያዘው።

ሰርኩላሩ ከራሳቸው በላይ ተለጥፏል። ጡረታ ሊወጡ አሥራ አንድ ወር ቀርቷቸዋል። ይህንን ሁሉ ያውቃሉ። ለፕሬዚዳንቱ ይደውሉ፣ ወይስ ለአማካሪው? የሚያስፈቅዱት ሰው በዓይናቸው ፈለጉ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ለሜሳ ብቻ ነው፣ እሱም የሚያየው እሳቸውን ነው።

ኅዳጉ ላይ ቀስ ብለው፣ ፊደሉን እየለዩ ጻፉ፦ አንብቤ ፈቅጃለሁ። ሥሩ ሙሉ ስማቸውን እስከ አያት አሰፈሩና ፈረሙ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከአሥራ አንድ ሺህ ደብዳቤ መሐል ሊጉ ውስጥ በእውነት የተፈቀደው ይሄ አንዱ ብቻ ነው። ለሜሳ ወረቀቱን አየና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል "ተው፣ ተው፣ ቅጂህን ያዝ" ብለው ወደ በሩ ገፉት።

እሁድ ገላን ላይ ድንኳኑ ሞላ። ለጉድ ነው የሞላው። አቃቂ ሜዳ ዳኛ እንደሌለ ያየው ቡድን ሁሉ፣ ማሊያውን እንደለበሰ፣ ጨዋታ ያለበት ቦታ ይሄ ብቻ ነው ተባብሎ መጣ። ሳሙና መጣ፣ ቆርቆሮ መጣ፣ የምስማሩ በረኛ ወገቡን ይዞ መጣ። ናዕማ ሁለት ካርቶን ሳሙና ስጦታ አምጥታ "የጥር 17ቱ በእኔ ነው፣ ይቅር በሉኝ" ብላ ወይዘሮ የሺሐረግን ሳመች። ወንድዬ እስከ ምሳ ለሙሽራዋ ወገን ጨፈረ፣ ከምሳ በኋላ ለሙሽራው። አቶ ፈቀደ ልጃቸውን ሲመርቁ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ሊደብቁት አልሞከሩም። ወይዘሮ የሺሐረግ ጆሯቸው ላይ ጠጋ ብለው "ጥሩ ቀን መርጠሃል" አሏቸው።

ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አቶ ተስፋሚካኤል ከቢሾፍቱ ተመልሰው ሁሉንም ሰሙ። ከረፋዱ ላይ አንድ ደብዳቤ አቶ ፈቀደ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ለአቶ ፈቀደ ተሰማ ይላል፤ ለእሳቸው የተጻፈ ስለሆነ አነበቡት። ሥልጣን ሳይኖራቸው በመፍቀዳቸው ከሥራ ተሰናብተዋል። አቶ ፈቀደ "በመፍቀዳቸው" የሚለው ላይ ቆዩ። ስለ እሳቸው ከተጻፈው ሁሉ እውነት የሆነው ይሄ ነው ብለው አሰቡ፣ ደስም አላቸው።

ግን ደብዳቤው ቁጥር አልተሰጠውም። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ደግሞ በሊጉ ደንብ ደብዳቤ አይደለም፤ ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ ቤት ነው፣ መዝገብ ቤት ማለት እሳቸው ናቸው። መዝገቡን ከፈቱ። ቁጥር ሰጡት፣ ቀኑን ጻፉ፣ የገጽ ብዛት አንድ። ኅዳጉ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። "ፈቀደ" ብለው ጽፈው ኮታቸውን አንሥተው መሄድ ይችላሉ፤ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የኖሩት። ቀና ብለው ሰርኩላሩን አዩ። ከመዝጋቢው የአያት ስም በቀር ይላል፣ በጥብቅ ይላል፣ የፕሬዚዳንቱ ፊርማ አለበት።

በትእዛዙ መሠረት ጻፉና ቅጂውን ወደ ውስጥ አስገቡ።

አቶ ተስፋሚካኤል ወረቀቱን ይዘው ወጡ። "አቶ ፈቀደ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ደብዳቤዎ ገቢ ሆኗል።"

"እምቢአለ ይላል እኮ።"

"አዎ፣ ይላል።"

"ማን ነው እምቢ ያለው?"

አቶ ፈቀደ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ማንንም አላስፈቀዱም። እጃቸውን ዘርግተው ከጎናቸው ያለውን መስኮት ከፈቱ፤ ከቃሊቲ መንገድ የከባድ መኪና ጡሩምባ ገባ።

"አያቴ" አሉ፣ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው እያስጠጉ።